ልኳ ሁለት ጣት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1977

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ጠዋት ከመካነ ሰላም ወደ ጎሽ ሜዳ ወረድኩ፣ አሥር ሰው ጭኜ ወጣሁ። ሦስቱ ለጤና ጣቢያ፣ የቀሩት ሕፃን ያዘሉ እናቶች ናቸው፣ ለመጠለያው የዱቄት ወረፋ። ላንድሮቨሯ አላስቸገረችኝም። ነፍሱን ይማረውና ባሌ ንጉሡ "ይቺን መኪና ካንቺ በቀር የሚገራት የለም" ይል ነበር። ውዳሴ እንዳይመስልብኝ... እውነቱን ነው።

የሚያናድደኝ መሳፈሩ ነው። ከፍታዋ የበቅሎ ያህል። ጉልበት ያለው ዘሎ ይገባል። ረሃብ ያደከመውስ?

እማማ ብዙዬ፣ የክርስትና እናቴ፣ እንደ ልማዳቸው መንገድ ዳር ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ለሳንባቸው በየቀኑ መርፌ ይወጋሉ። ስድሳ ነው የታዘዘላቸው፣ የዛሬው አሥራ ሁለተኛው። ሁለት ወንዶች ብብታቸውን ይዘው ሲያነሷቸው ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ተገለበ። አንደኛው ደግሞ አፉ አያርፍም፣ "ኧረ እማማ፣ እንደ ባዶ ስልቻ ቀለው የለም እንዴ!" አለ። ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። መንገዱን ሙሉ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው መጡ።

በርጩማም ሞክሬ ነበር። ዳገቱ ላይ ተንሸራቶ አንዷን አራስ ጣለብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ድንጋዩ ባዶ ነው። ጥሩንባ ነፋሁ... የሉም። ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ተኝተዋል።

"ዛሬ አልሄድም።"

"ነገስ?"

"ነገም። ሰባ ዓመት ሙሉ ከባሌ በቀር ጉልበቴን ያየ የለም። አሁን ልሞት ስል እንደ ከረጢት አልጫንም።"

"እማማ፣ መርፌው..."

"ይቅርብኝ። ደግሞ ያ ቀይ አፈር ጋ ስትደርስ መኪናሽ ወደ ገደሉ ታዘማለች፣ ልቤ ነው የሚወጣው። ሂጂ፣ ሰው ይጠብቅሻል።"

በእግር እንዳይሄዱ ሦስት ሰዓት ዳገት ነው። በቅሏቸው በሰኔ ሞታለች። ለነርሷ ብነግራት፣ "እስከ አሥር ቀን እታገሣለሁ። ከዚያ ካለፈ እንደገና ከአንድ ነው የሚጀምሩት፣ ለእሱ ደግሞ መድኃኒት የለኝም" አለች። በጣቴ ቆጠርኩ። ኅዳር 14 የመጨረሻዋ ቀን ናት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

እሳቸው ከፍ ማለት ካልቻሉ መኪናዋ ዝቅ ትበላ!

ለጎረቤቴ ለሀጀራ ነገርኳት። "መኪና እንደ ግመል ይንበረከካል እንዴ?" አለች። ይንበረከካል አልኳት። "ወላሂ አብደሻል!" አለችና ስንቅ ልትቋጥርልኝ ተነሣች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8፣ ደሴ

ትናንት አቀስታ አደርኩ። ጉግፍቱ ላይ ብርዱ መሪውን የያዘ እጄን አደነዘዘው። ደሴ መግቢያ፣ መንገዱ ዳር ያየሁትን ሕዝብ አልጽፍም። ብጽፈው ምን ሊረባ... ዓይኔ ግን አልዘጋም አለኝ።

አሻግሬ ጋራዥ ገባሁ። ንጉሡ ነው ሙያውን ያስተማረው፣ እንደ እኅቱ ያየኛል። የምፈልገውን ስነግረው ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"እትዬ፣ ሰው ላንድሮቨር ከፍ አድርግልኝ ይላል እንጂ..."

"አንተ ሥራህን ሥራ።"

"ሆዷን ድንጋይ ይመታታል።"

"ድንጋዩን እናነሣዋለን። እንደ ድንጋይ አልነሣም ያለችኝ ሴትዮ ናት ያስቸገረችኝ።"

ሳቀና ገባበት። ገላዋን የሚሸከመውን፣ እንደ ቀስት የጎበጠውን ባሌስትራ አወጣ፣ በምትኩ ከተገለበጠ መኪና የተነቀለ ወፍራምና ቀጥ ያለ አስገባ። ንጥሻዋን የሚያበርደውን አሞርዛተርም በአጭር ለወጠው። ለብቻው ዝቅ ማድረግ አይበቃም፣ ተዳፋት ላይ እንዳታዘምም እግሯ ይስፋ አለኝ። ሰፊ ቸርኬ ከነጎማው ገጠመላት። መሪውን ጥግ ድረስ ሲያዞረው ጎማው ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን ፈተገው። ጊዜም አልፈጀ፣ መጋዝ አመጣና ጫፉን ቆረጠ። ንጉሡ እሁድ እሁድ በጨርቅ የሚወለውለውን ፓራፋንጎ! ዞር ብዬ ቆምኩ። ይቅር ይበለኝ... ቢኖር እሱም ይቆርጠው ነበር መሰለኝ።

ከክሪኩ ሲያወርዳት ቁጭ አለች። ሌላ ቃል የለውም፣ ቁጭ። ወለሏ ከጉልበቴ በታች! የጋራዡ ዘበኛ "ዳክዬ አደረጋችኋት" አለ። ቢልም ባይልም ግድ የለኝም።

አሻግሬ አሮጌውን ባሌስትራ ኋላ ጫነልኝ። "አትጣይው። ካልተስማማሽ እመልሰዋለሁ።"

ሰኞ፣ ኅዳር 10

መካነ ሰላም ገባሁ። መሪዋ ከብዷል። ጠጠር ስትረግጥ ወገቤ ነው የሚቆጥረው፣ ሁለት ቦታም ሆዷ ድንጋይ ላሰች። ግን ኩርባ ላይ! መሬቱን እንደ መዥገር ነው የያዘችው። ድሮ በአንደኛ ማርሽ የምጠመዘዘውን በሁለተኛ አለፍኩት።

አሮጌውን ብረት ጓሮ አስቀመጥኩት። ለነገ ቸኩያለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ኧረ ጉድ ነው የገጠመኝ።

ወደ ጎሽ ሜዳ መውጫ ኬላ አለ፣ እህል ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ እንዳይገባ። ሚዛን የለውም። ስማቸው የሚባለው ጠባቂ ግን የራሱ ሚዛን አለው። ጡጫውን በኋላ ጎማና በፓራፋንጎው መካከል ይከታል። ጡጫው ከገባ መኪናዋ ባዶ ናት። ካልገባ እህል አለ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሲሠራ ተሳስቶ አያውቅም፣ ይኸን እኔም እመሰክርለታለሁ።

ዛሬም እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ። ጡጫው ቆመ።

"እትዬ አልታዬ፣ ምን ጭነዋል?"

"ራሴን።"

"ቀልዱን ይተዉት። ሁለት ጣቴ ብቻ ነው የገባው።"

"ደሴ ወስጄ ዝቅ አስደርጌያት ነው።"

"መኪና በጭነት ነው ዝቅ የሚል።"

መቀመጫውን አነሡ። የነዳጁን በርሜል አንኳኩ። በብረት ዘንግ ከሥር ጎረጎሩ። አላገኙም። ይኸው ነው የባሰው! "አልተገኘም ማለት በደንብ ተደብቋል ማለት ነው" አለ ሌላው ጠባቂ። "አሻጥር" የምትለዋም ቃል ወጣች... ቁልፌንም የይለፍ ወረቀቴንም ወሰዱ። ለሃያ ዓመት በነዳሁበት መንገድ በእግሬ ተመለስኩ።

አሥር ሰው ጎሽ ሜዳ ላይ ጠብቆኝ ውሏል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ሚካኤልን ተሳልሜ ስወጣ ሰው ያየኛል። "እህል ስታሸሽ ተያዘች" ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። የተናገረችዋን አውቃታለሁ፣ ባለፈው ሳምንት ልጇን ጤና ጣቢያ ያደረስኩላት ናት። ምን ይባላል?

ኬላውን የሚያዘው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ አድማሴ ዘንድ ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ወረቀት ያስፈራዋል።

"መኪናዋን እንደ ድሮዋ መልሺያትና ቁልፍሽን ውሰጂ። ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።"

"ካልመለስኩስ?"

"ትወረሳለች። አንቺም ትጠየቂያለሽ።"

ቀላል ነበር እኮ። ብረቱ ጓሮዬ ተቀምጧል። ግን እማማ ብዙዬ... ሁለት ቀን ነው የቀራቸው።

"አልመልስም" አልኩት። "ነገ ከኮሚቴው ፊት ላስረዳ።"

"እንዴት አድርገሽ?"

"እሱን ለኔ ተወው።"

ቤት ገባሁ። እዚህ ስለሆነ ነው የምጽፈው። እንዴት እንደማስረዳ ገና አላውቅም ነበር። ውኃ ጠጥቼ ጓሮ ወጣሁ፣ ያ ጎባጣ ብረት ፀሐይ ላይ ተጋድሟል። አየሁት... አየሁት... ሳቄ መጣ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ከሀጀራ ጋር አሮጌውን ባሌስትራ በአጣና አንጠልጥለን፣ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ፣ ከተማውን አቋርጠን ኬላው ድረስ። ሰው ተከተለን። "ምንድን ነው የተሸከማችሁት?" ይላሉ። ሀጀራ ትመልሳለች፣ "የእህሉ ሌባ ይኸ ነው፣ ልናስረው ነው!" አጣናው ትከሻዋን እየላጣት እንኳ ምላሷ አያርፍም።

አድማሴና ኮሚቴው ቆመዋል። ክሪክ አስገባሁ፣ የኋላ ጎማዋን ራሴ ፈታሁ። አሮጌውን ብረት ከአዲሱ ጎን አጋደምኩት።

"ይኼ ጎባጣ ነው፣ ከፍ ያደርግ ነበር። ይኼ ቀጥ ያለ ነው፣ ዝቅ አደረገ። እህሉ የት አለ?"

ጎማዋን መለስኩ። ከዚያ "ውጡባት" አልኳቸው። ኮሚቴው፣ ጠባቂዎቹ፣ ሀጀራም ገባች፣ አሥር ሞሉ። ስማቸውን "አሁን ለካ" አልኩት።

"አንድ ጣት ገባ።"

"ውረዱ። አሁንስ?"

"ሁለት።"

አድማሴ ግንባሩን አከከ። ሞኝ አይደለም። "ቆይ እንጂ አልታዬ። አሥር ሰው ተጭኖ አንድ ጣት ብቻ ከወረደች፣ ነገ ኩንታል ብትጭኚ በምን እናውቃለን?"

እውነት ለመናገር ይኸን አላሰብኩትም ነበር። ግን አፌ ቀደመኝ። "ልኳን ጻፉላት! ባዶዋን ሁለት ጣት። ሰዎቼን ስጭን አንድ ጣት። አንዲት ጣት ካልገባች፣ ወይም ሰው ሳይኖር አንድ ጣት ብቻ ከገባች እሰሩኝ። ጣቱም የስማቸው ይሁን፣ የኔ ቀጭን ነው።"

ሀጀራ "አላህ ያሳያችሁ፣ ሚዛን ከነባለቤቱ ሰጠቻችሁ!" አለች። መጀመሪያ የሳቀው ስማቸው ነው።

ጻፉልኝ። በማኅተም። "የዚህች መኪና ልክ ሁለት ጣት መሆኑ ተረጋግጧል" ይላል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ያላት መኪና ትኖር ይሆን?

ቁልፌ እጄ ላይ ነው። ነገ 14።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

በጠዋት ወረድኩ። ስማቸው ሁለት ጣቱን ከተተ፣ "ይለፉ እትዬ" አለ። እንደ ሹም።

እማማ ብዙዬ ግድግዳ ደግፈው ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ሳላቸው ከደጅ ይሰማል።

"አልጫንም ብዬሻለሁ።"

"አይጫኑ። መጥተው ብቻ ይዩዋት።"

በምርኩዛቸው መጡ። ዞሯት። ጎማውን በምርኩዙ ነካ ነካ አደረጉት። አንዱ ወንድ ሊያነሣቸው ሲጠጋ በዓይኔ መለስኩት። ፊታቸውን ወደኛ አዞሩ፣ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፣ ወለሉ ጫፍ ላይ እንደ መደብ ቁጭ አሉ። ከዚያ እግራቸውን አንድ በአንድ አስገቡ። በቃ።

ሰው ሁሉ ከቦ ያያል።

"ምን ታፈጣላችሁ? ሰው ሲቀመጥ አላያችሁም?"

ቀይ አፈር ስንደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆይተው "ደረስን?" አሉ። "አለፍነው እማማ።" ወደ ኋላ ዞረው ገደሉን አዩት።

ነርሷ ተቆጣች፣ ወጋቻቸው። አሥራ ሦስተኛው!

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6

አሻግሬ የፈራው ደረሰ። ወንዙ መሻገሪያ ላይ ሆዷ ድንጋይ ላይ ተንጠለጠለች። የእርዳታ ካሚዮን የቆፈረው ቦይም ለሰፊ ጎማዬ አይሆንም፣ አንዱ ይገባል አንዱ ይወጣል። ለጎሽ ሜዳ ሰው ነገርኩ። ጉልበት የት አለንና አሉ። ዛሬ ግን አምስት ሆነው ወጡ፣ እያረፉ ሦስት ድንጋይ ነቀሉ፣ ቦዩን ሞሉ። እማማ ብዙዬ መኪና ውስጥ ተቀምጠው "ያኛውን! ኧረ ግራውን!" ይላሉ። ያ በስልቻ የመሰላቸው ሰውዬ ዶማ ይዟል። "ለእማማ ብዙዬ ሎሌ ሆንኩ" ይላል። "ይገባሃል" አሉት።

ሐሙስ፣ ጥር 2

ለገና አንድ ቀን ተዘሎ ስድሳኛው ዛሬ ሆነ። ነርሷ ወረቀታቸው ላይ ትልቅ ምልክት አደረገችላቸው። ሳሉ የለም ማለት ይቻላል። ሥጋ ገና አልያዙም፣ ማን ይዞ...

ስንመለስ ኬላው ላይ ስማቸው ለካ። አንድ ጣት። "ትክክል" አለ። ለሌላው ካሚዮን አሁንም ጡጫውን ነው የሚከተው፣ ለኔ ግን ጣቱን። እጁ ራሱ ለምዷል።

ጎሽ ሜዳ ደርሼ ሞተር ሳላጠፋ እማማ ብዙዬ ወርደው ነበር።

"ነገ በስንት ሰዓት ትመጫለሽ?"

"ነገማ መርፌ የለም እኮ እማማ። ጨርሰዋል።"

"ለመርፌ ማን አለሽ? ስንት ቤት ሰው ሞቶ አልደረስኩም። ልቅሶ ልደርስ ነው።"

ይኸን ሁሉ ጊዜ ይቆጥሩት ነበር ማለት ነው።

"ስንት ቤት ነው?"

"ስድስት። ሁለቱ እላይ ከተማ፣ አራቱ እዚሁ። እዚሁ ያለውን በእግሬ እደርሳለሁ።"

"በአንድ ሰዓት እመጣለሁ። ድንጋይዎት ላይ ይጠብቁኝ።"

"ምን ድንጋይ አለኝ" አሉ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። "ቆሜ ነው የምጠብቅሽ።"