ታደሰን የመታው ምች

ጥቅምት 4፣ ጠዋት
ደብተር ሆይ፣ ተነሺና ስሚ! ነጯ ዶሮ ዛሬ አጥር ዘላ ጎረቤት ገባች። ታላቅ ዜና ነው። እኔ ከደጃፍ ማለፍ ክልክል። ማማ ላይ ወጥቼ ከማሽላው ወፍ እንዳላባርር ምራቴ አልማዝ ወንጭፌን ደብቃለች። ዘበኛ ናት፤ ደሞዝ ብቻ ነው የቀራት።

ጥቅምት 6፣ ከሰዓት
ሙቀት። ዝንብ። ትንፋሽ ያጥራል።
የደብረ ብርሃኗ ሐኪም ያለችኝን ሳልረሳው ልጻፈው። የልብ ጡንቻ ውስጥ ማዮሲን የሚባል ፕሮቲን አለ። ይይዛል፣ ይስባል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ወደፊት ይይዛል። ልብ የምትኮማተረው በዚህ ነው። ሮቢ ወንዝ ውስጥ የተቀረቀረ አይሱዙ መኪና በገመድ እንደምንጎትተው ነዋ፣ ብላት ሳቀች። የዚህ ፕሮቲን ጂን እኔ ላይ ተሳስቷል። ጎታቾቼ ከልክ በላይ ይስባሉ፣ መልቀቅ ላይ ይሰንፋሉ። የልቤ ግድግዳ ወፈረ። በዚህ ክሳት ላይ የወፈረው እሱ ብቻ!
ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል። ይደርሰው አይደርሰው፣ እኩል በእኩል ዕድል። ልጄ ሽፈራው ይመርመር አለች። ሽፈራው የሽንኩርት ጆንያ ጫኝ ነው። ጆንያ እንደተሸከመ ልቡ ቀጥ ልትል ትችላለች።

ጥቅምት 9፣ ማምሻ
ሽፈራው እንቢ አለ። አባቴንም ወንድሜን ታደሰንም ማሽላ ጥበቃ ላይ የገደላቸው ምች ነው ባይ ነው። በላባቸው የቀትር ፀሐይ መታቸው፣ አለቀ። አገሩ ሁሉ እንዲያ ይላል፤ እኔም ስል ኖሬያለሁ። «አባባ፣ እኔ ኮፍያ አደርጋለሁ» አለኝ። ለጂን ኮፍያ! ግመል እንኳ ሲጫን ያጉረመርማል፣ አንተ ግን ትስቃለህ አልኩት። ሳቀ።
በረንዳ ላይ ታስሬ አየዋለሁ። እሱ ጆንያ ባነሳ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ።

ጥቅምት 10፣ ጠዋት
ቀልድ ተውኩ። ታደሰ የወደቀው ማለዳ ነው አልኩት። ማሽላው ላይ ጤዛ እያለ፣ ጋቢውን ሳያወልቅ። ጤዛ ላይ ምን ምች አለ?
ደረቱን ዳበሰ። አንዳንዴ ይወጋኛል አለ፣ አልማዝ እንዳትሰማ። ይህን አልጠበቅኩም።
ከነገ ወዲያ ደብረ ብርሃን ሐኪሟ ጋ እንሄዳለን። ሁለታችንም።

ጥቅምት 12፣ ንጋት
ከአጥር ወጣሁ! ከዶሮዋ እኩል ሆንኩ። ሚኒባሱ ይጠበቃል። ሽፈራው የሁለታችንንም ሻንጣ ተሸክሟል። አስቀምጠው ስለው ሳቀብኝ።
ለአንቺ ብቻ፣ ደብተሬ። ታደሰ ሲወድቅ አጠገቡ ነበርኩ። እንዲመረመር ብዬ ጤዛውን ወሬው ላይ እኔ ጨመርኩት። ጋቢውንም። ቀትር ነበር፣ ፀሐይዋ አናት የምትበሳ፣ እና... ሚኒባሱ መጣ፤ ሽፈራው ይጠራኛል።