በቴሌቪዥን ሞቷል ስለተባለው ልጄ

ኅዳር 12 ቀን

ለተፈናቃዮች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የልጄ ፍለጋ እንደገና እንዲጀመርና ዘፋኙ ስለ እኛ እንዳይናገር የተጣለው ክልከላ እንዲነሣልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ። ሌላ የማንኳኳው በር ስለሌለኝ ግን ይህን አቤቱታ በትሕትና አቀርባለሁ።

1. እኔ በጎርፉ ቤቴን አጥቼ በእህል መጋዘኑ ውስጥ ከተጠለሉት አንዷ ነኝ። አንድ ልጅ አለኝ፤ በያጅ ነው። ውሃው በገባብን ቀን እኔን ጣሪያ ላይ ካወጣኝ በኋላ ሽማግሌውን ጎረቤታችንን ሊያወጣ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም። ሽማግሌው ግን ተርፈዋል፤ ልጄ እሳቸውን በጀልባ ድልድዩ ጋ አድርሶ እሱ በሌላ ጀልባ ሲሳፈር እንዳዩት በአንደበታቸው ነግረውኛል። ጽሕፈት ቤቱም ይህንኑ ሰምቶ ፍለጋ ጀምሮልኝ ነበር።

2. በዚህ መሐል ታዋቂው ዘፋኝ ሊጠይቀን መጣ። ያን ጊዜ ንጹሕ ውሃ አልነበረንም፤ ሕፃናቱ በተቅማጥ እያለቁብን ብንጮህ የሚሰማን አልተገኘም። ፍራሼ ላይ ከጎኔ ቁጭ ብሎ ማን እንዳለኝ ጠየቀኝ። ልጄ ጠፍቶብኛል አልሁት። እሱ ግን በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ «አንድ ልጃቸውን ጎርፍ በላው፤ ማንም አልቀረላቸውም» ብሎ አለቀሰ። አገሩም አብሮት አለቀሰ። ብዙም ሳይቆይ የውሃ ቦቴ መጣልን፣ ሐኪም መጣልን። ይህን አልክድም። እሱ ባይናገር ኖሮ ስንት ሕፃን እንቀብር እንደነበር ፈጣሪ ያውቃል።

3. ወደ ፍለጋ ክፍሉ ስመለስ ግን ሠራተኛዋ በሐዘኔታ እያየችኝ፣ «እናቴ፣ መሞቱን አገር ከሰማ በኋላ ማንን እንፈልግ?» አለችኝ። ፍለጋው በዚሁ ቆመ። ለመጠለያው አስተባባሪ አቤት አልሁ። የጠየቅሁት ስለ ልጄ ነበር፤ የመጣው መልስ ግን ታዋቂ ሰዎች ወደ መጠለያው እንዳይገቡ፣ ያለ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድም ስለ እኛ በቴሌቪዥን እንዳይናገሩ የሚከለክል ማስታወቂያ ሆነ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ዘፋኙ ስሕተቱን ሰምቶ ሊያርም ቢመጣ ከበር መለሱት። ለጥበቃው፣ «በአፌ ያበላሸሁትን በአፌ ላቃናው ነበር፤ ንገርልኝ» ብሎት ሄደ።

4. ከዚያ ወዲህ ሰው ሸሸኝ። በፊት ሊያጽናኑኝ መጥተው ልጄ አልሞተም ብዬ ስመልሳቸው ቅር ብሏቸው ነበር፤ ክልከላው ሲለጠፍ ደግሞ የመጣልንን ውሃ ልታስቀርብን ነው አሉኝ። አጠገቤ ትተኛ የነበረችው ሴት ፍራሿን ጎትታ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ሄደች። ሽማግሌውንም ዘመዶቻቸው ወስደዋቸዋል፤ ስለ ልጄ የማወራው ሰው የለኝም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ እኔ ግን ብቻዬን የምበላው ወድጄ አይደለም።

5. ዘፋኝ ይዝፈን እንጂ በሰው መከራ ምን አገባው የሚሉ አሉ። ጉዳቱ የደረሰብኝ እኔ ነኝ፤ ሆኖም እንዲህ አልልም። የእኔ ድምፅ ከመጋዘኑ ደጅ አያልፍም፤ የእሱ በየሰው ቤት ይገባል። ይናገር። ብቻ ስለ ሰው ከመናገሩ በፊት ባለጉዳዩን መልሶ ይጠይቅ፤ የሰማውን በትክክል መስማቱንም ያረጋግጥ።

ስለዚህ ክልከላው ተነሥቶ ዘፋኙ በዚያው በቴሌቪዥን የበያጁ መሞት እንዳልተረጋገጠና እናቱ እየፈለገችው መሆኑን እንዲናገር፣ ፍለጋውም ሽማግሌው ካዩት ጀልባ ተነሥቶ እንዲቀጥል መመሪያ ይሰጡልኝ ዘንድ እለምናለሁ። የምቸኩለው ብቸኝነቱ ስለከበደኝ ብቻ አይደለም። ልጄ የትም ቦታ ሆኖ ያንን ፕሮግራም አይቶ ከሆነ፣ እናቱ ሞቱን አምና የተቀመጠች ይመስለዋል።

ክቡር ሆይ፣ አላመንሁም።

መልስዎን በአክብሮት እየጠበቅሁ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የበያጁ እናት