በስምህ የሚወጣው ተራ

አባዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር መልስ የለህም፤ እኔ ደህና ነኝ እንዳልል ደግሞ ስዋሽ ታውቅብኛለህ። ከተለያየን አራት ዓመት ከስምንት ወር ሆነን። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት መስመር ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፣ ተቆጥቼ ነው። በማን እንደተቆጣሁ አንተ ታውቃለህ። ዛሬ የምጽፍልህ በዚያው ቁጣዬ አፍሬ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷን ግን እግዜር ይመስገን ምንም አልነካውም። ቤታችን አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። ዳማዋ በቅሎህ አርጅታለች፤ አሁንም ከእማዬ ሌላ ሰው አታስጠጋም። እኔ ካንተ ቀብር በኋላ ስድስት ወር እንኳ ደባርቅ አልቆየሁም። ዶሃ የምትባል የዓረብ ከተማ ነው ያለሁት። አባዬ፣ ብታየው ትስቅ ነበር፤ አገሩ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ነው፣ ከፍታ የሚባል ነገር ቢኖር የግንባታው ክሬን ብቻ ነው። መንሱራ በሚባል ሰፈር ከሁለት የወሎ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ሹግሌ፣ ሥራዬ ማለቴ ነው፣ አል ሙንተዛህ የሚባል ሰፈር ነው፣ ከሻዋርማ ቤት በላይ ያለች ትንሽ የጉዞ ቢሮ ውስጥ። ምን እንደምንሸጥ ገምት። ተራራ! ሜዳ ላይ ለሚኖር ሰው ተራራ መውጣት እንሸጥለታለን፣ ከመሪና ከበቅሎ ጋር። ከምንሸጣቸው ተራሮች አንዱ ደግሞ ያንተው የሰሜን ተራራ ነው።

ቢሮው ከሌሎቹ የሚለየው ኃላፊነት የሚሰማው ጉብኝት በሚለው ነገር ነው። ለእንግዳው ሁሉ አንድ ደብተር ይሰጠዋል። ቀስ ብለህ ውጣ፣ ራስህን ካመመህ እልህ ሳትጋባ ውረድ፣ በቅሎውን ከአቅሙ በላይ አትጫን፣ ቆሻሻህን ይዘህ ተመለስ፣ የሚመራህ የአገሩ ሰው ይሁን ይላል። መጀመሪያ ሳነበው ደሜ ፈላ። ሰው ደግ ከሆነ ደግነቱን በቀለም አሳትሞ ለምን ያድላል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ አይደል የሚባለው! የቢሮው ባለቤት ማዳም ሊባኖሳዊት ናት፤ ስትስቅልኝ እንኳ ከሳቋ ኋላ ምን አለ እያልኩ ነበር የማያት። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ለማሳደስ ፓስፖርቴን ስትወስድ ሦስት ጊዜ ኮፒ አድርጌ አንዱን ፍራሼ ሥር፣ አንዱን ቦርሳዬ ውስጥ፣ አንዱን ወሎየዎቹ ጋር አስቀመጥኩ። ፓስፖርቱ በሳምንቱ ተመለሰልኝ።

ደብተሩን ደጋግሜ ሳነበው ግን አንተን አገኘሁበት። ተራራ መሪ ሳለህ የእንግዳ ትንፋሽ ሲቆራረጥ የጫማህን ክር የምታስር መስለህ ቁጭ ትል ነበር፣ እሱ እንዳያፍር። የቆርቆሮ ጣሳውን ሁሉ እንግዶች ከሚያድሩበት ከጨነቅ ድረስ ለቃቅመህ በዳማ ጭነህ ስትመለስ ጓደኞችህ ቆሻሻ አመላላሽ እያሉ ይስቁብህ ነበር። እኔም በልጅነቴ አፍሬብህ አውቃለሁ፣ ይቅር በለኝ። አሁን ያችኑ ነገር ሰው ከፍሎ ያነባታል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከሁለት ወር በፊት ስምንት መምህራን ወደ ሰሜን ሊሄዱ ተመዘገቡ። የደባርቁ የመሪዎች ማኅበር የተረኞቹን ስም ዝርዝር በፋክስ ላከልን። ወረቀቱን ከማሽኑ ሳወጣው መጀመሪያ መስመር ላይ፣ መሪ በሚለው ፊት ለፊት፣ ያንተ ስም ከነአባትህ ተጽፏል።

ቆሜ ቀረሁ። ሞክሼ ይሆናል እንዳልል ማኅበሩ ውስጥ ሞክሼ የለህም። ወርጄ ባቃላ ከሚሉት ሱቅ የስልክ ካርድ ገዛሁና ደወልኩ። ማንነቴን ሳልናገር እንደ እንግዳ ሆኜ ስምህን ጠርቼ ጠየቅኩ። ጸሐፊው ምንም ሳይመስለው፣ ተራው ደርሶት ሌሎች እንግዶች ይዞ ወጥቷል፣ አሁን ጨነቅ ነው፣ ሐሙስ ይወርዳል አለኝ። አባዬ፣ የቀበርኩህ እኔ ነኝ! አፈር የበተንኩብህ በዚህ እጄ ነው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። እንግዶቻችን ሲመለሱ ፎቶ ያመጡልናል፣ ግድግዳው ላይ እንለጥፋለን። አንድ በአንድ ፈተሽኳቸው። በአንዱ ላይ ያንተ የወይራ ዱላ አለ፤ ጫፉ ላይ ሽቦ የጠመጠምክባት ራሷ ናት፣ አትጠፋኝም። የያዛት ሲሳይ ነው።

ሲሳይ! ያንተ ባልንጀራ። የሞትክበት ቀን የሱ ተራ ነበር። እሱ ቀረ፣ አንተ ወጣህ፣ በረዶ ዘነበ፣ ጭጋግ ወረደ፣ ከገደሉ አፍ ላይ ዳማ ብቻዋን ተመለሰች። ለምን ቀረ? ሰማዩን አይቶ ነው፣ ክፉ ቀን መሆኑን አውቆ ነው ስል ኖርኩ። ለቅሶው ላይ በሰው ሁሉ ፊት ተነሥቼ የዚህ ሰው ስም ከእንግዲህ በኔ ፊት እንዳይነሣ አልኩ። አሁን ደግሞ ዱላህንም ስምህንም ለብሶ በሁለት ተራ ይበላል ማለት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አልኩ፤ አራት ዓመት የጠረጠርኩት ነገር እጄ ገባ።

ለማዳም ነገርኳት። መሪዎቹ በሞተ ሰው ስም ይሠራሉ አልኳት፣ በቃ ይኸንኑ ብቻ። እሷም በሐሰት ስም ለሚሠራ ሰው እንግዳዬን አልሰጥም፣ ኸላስ፣ በቃ፣ አለችና መምህራኑን ወደ ሌላ አገር ተራራ ልታዞራቸው፣ ከማኅበሩም ጋር ያላትን ግንኙነት ልትቆርጥ ወሰነች። የዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ጥሩ እራት በላሁ። እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው።

አርብ እረፍቴ ነው፣ ለእማዬ ደውዬ የምሥራች ልላት። ሌባውን ሲሳይን በአባዬ ስም ሲበላ ያዝኩት አልኳት። አንቺ ልጅ ጭንቅላትሽን ምን ነካው ብላ ጀመረች።

እሷ እንደነገረችኝ፣ አንተ የሞትክበት ቀን የሲሳይ ልጅ ክርስትና ነበር። ተራዬን ያዝልኝ ብሎ አልለመነህም፤ አንተ ነህ፣ ሂድ ልጅህን አስነሣ ብለህ በግድ የቀማኸው። ከቀብርህ በኋላ ማኅበሩ ስምህን ከተራ መዝገቡ ሊሰርዝ ሲሰበሰብ ሲሳይ ተነሥቶ፣ የሞተው በኔ ተራ ነው፣ እንግዲህ እኔ በሱ ተራ እሄዳለሁ፣ ልጁ ሰርዙ ካላለች ስሙ አይሰረዝም አለ። ማለዳ ማለዳ ስም ሲጠራና ያንተ ሲደርስ፣ አለ የሚለው እሱ ነው። የራሱንም ተራ ይሄዳል፣ ያንተንም ይሄዳል፤ ባንተ ተራ ያገኘውን ሳይነካ ለእማዬ ያደርሳል። የቤታችን ቆርቆሮ የተገዛው በዚያ ነው። ዱላውን የሰጠችው እማዬ ናት።

ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩ። ስሙን እንዳታነሡብኝ ያለው ማን ሆነና ብላ ዘጋችው። እማዬ ስልክ ጆሮዬ ላይ ስትዘጋ የመጀመሪያዋ ነው።

ትዝ ይልሃል፣ ልጅ ሳለሁ ጭጋግ ውስጥ ስትወስደኝ? ዓይንሽን አትመኚ፣ ዱላሽን አስቀድሚ፣ መሬቱን ነክተሽ እርገጪ ትለኝ ነበር። እኔ ጉደኛዋ አትመኚ የሚለውን ብቻ ይዤ፣ ነክተሽ የሚለውን ጥዬው አደግኩ።

ቅዳሜ ማዳም ቢሮ ሳትገባ በሩ ላይ ጠበቅኳት። ሁሉንም ነገርኳት፣ የለቅሶውንም። አሁን ደግሞ የምትጠረጥረው እሷ ሆነች፤ ትናንት የከሰስሽው ሰው ዛሬ እንዴት ጻድቅ ሆነ አለችኝ። አልፈረድኩባትም። እማዬ ጋር አስደውዬ እኔው እየተረጎምኩ አነጋገርኳቸው። መጨረሻ ላይ ማዳም፣ እሺ፣ ግን እንግዳዬ ተራራ ላይ ቢታመም አብሮት ያለው ማን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ፣ ወረቀቱ ላይ ሕያው ሰው ጻፊ፣ ያላ፣ በይ ቶሎ፣ አለች። እውነቷን ነው። አንተም ብትሆን ይህንኑ ትል ነበር።

ስለዚህ ጋሽ ሲሳይ ጋ ደወልኩ። የይቅርታ ንግግሬን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። አላስጨረሱኝም። ሙቀቱ እንዴት ነው፣ ከሳሽ ወይ አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ተራውን ለማን ላስረክብ፣ ባለቤቱ አንቺ ነሽ፣ እስክትጠይቂኝ ስጠብቅ ነበር አሉ። አራት ዓመት ሙሉ ጠብቀውኛል አባዬ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ፣ ያልኩት ይቅር በሉኝ ብቻ ነው። እግዜር ይቅር ይበለን አሉኝ፣ ራሳቸውንም ጨምረው።

በወረቀቱ ላይ መሪ በሚለው ፊት የጋሽ ሲሳይን ስም ጻፍኩ። ከሥሩ በእጄ ጽሑፍ ስምህን አንሥቼ፣ በአያሌው ተራ፣ ብዬ ጨመርኩ። ማዳም ምንድን ነው ስትለኝ የአገሩ ሥርዓት ነው አልኳት። ተወችው። መምህራኑ ባለፈው ሐሙስ በረሩ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኝቻቸው፣ መሪያችሁ የጫማ ክር ሊያስር ከተቀመጠ እናንተም ተቀመጡ አልኳቸው።

መጠርጠሬን ተውኩ ብዬ አልዋሽህም። ፓስፖርቴ አሁንም በሦስት ኮፒ ነው። ግን ከእንግዲህ ሳልነካ አልረግጥም፣ ስምህንም ለሌላ ሰው ጫንቃ ብቻ አልተውም። ጥር ላይ የዓመት ፈቃዴን እወጣለሁ። ያንተ ተራ የሚደርስበትን ቀን ጋሽ ሲሳይ ቆጥረው ነግረውኛል። በዚያ ማለዳ ዳማን ይዤ ከማኅበሩ ደጅ እቆማለሁ፤ ጋሽ ሲሳይን አንድ ቀን ብቻ ዝም እንዲሉልኝ ለምኛቸዋለሁ። ስምህ ሲጠራ፣ አለ የምለው እኔ ነኝ።

ልጅህ