ሦስተኛው መስኮት ሥር ያለችው ወንበር

ዛሬ የምንሸኛቸው ወንድማችን ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው፣ ከመጋረጃ ወዲያ እናታቸው «መርዶውን ቆማ እያለች ነው የነገሯት?» ብለው ሲጠይቁ ሰምተዋል። አባታቸው ምን እንደመለሱ፣ ስለማን እንደሚያወሩም ዕድሜ ልካቸውን ሊያስታውሱ አልቻሉም፤ የእናታቸው ድምፅ ግን ከጆሯቸው አልጠፋም።

ወንድማችን ሰኔ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በ1979 ዓ.ም. በልደትና ሞት ምዝገባ ቢሮ ተቀጠሩ። እጃቸው ፈጣን፣ ጽሕፈታቸው ስርዝ ድልዝ የሌለበት ነበርና ሦስተኛው መስኮት ተሰጣቸው። በ1983 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

በ1986 ዓ.ም. ባሏ ሩቅ ቦታ ለሥራ የሄደባትን አንዲት ሴት፣ መርዶውን ሊነግሯት የፈሩ ዘመዶቿ «ወረቀት ተቀበዪ» ብለው ላኳት። ወንድማችን መዝገቡን አገላብጠው፣ ማኅተሙን መትተው፣ «የባለቤትሽ የሞት ማስረጃ ይኸው፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» አሏት። መስኮቱ ሥር ተዘርራ ስትወድቅ፣ ወረቀቱ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ አልተሳሳተችም ነበር።

በማግስቱ ከቤታቸው ወንበር ተሸክመው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ባለጉዳዩን ሳያስቀምጡ፣ «ምን ሰምተው ነው የመጡት?» ሳይሉ ማስረጃ ሰጥተው አያውቁም። ሰልፉ ረዘመ። ባልደረቦቻቸው «አቶ ተቀመጡ» አሏቸው፤ እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ግን አልሳቁም። «ጋሼ፣ እኛ የምንሰጠው ወረቀት ነው፤ እንባ መጥረግ የሥራ መደብዎ ላይ የለም» እያሉ በየዓመቱ የአፈጻጸም ውጤታቸውን ዝቅ አድርገው ሞሉ፤ እድገትም ቀረባቸው። ወንበሯን ሁለት ጊዜ ዕቃ ግምጃ ቤት አስከተቷት፤ ሁለቴም ወንድማችን መልሰው አወጧት። ያቺን ሴት ግን ዳግም አላገኟትም፤ ይቅርታ ሳይጠይቋት መቅረታቸው እስከ መጨረሻው ሲከነክናቸው ኖረ።

በጉበት ሕመም አምስት ወር ሲተኙ፣ ኃላፊው አንድ ቀን ሊጠይቋቸው መጡ። ወንድማችን ስለ ሕመማቸው አላወሩም። «እኔ ስሄድ ወንበሯን ትጥሏታላችሁ አይደል?» ብቻ አሉ። ኃላፊው ብርድ ልብሱን አስተካክለውላቸው ወጡ።

ወንድማችን መስከረም 23 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጅ ትተውልናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያለ እንግልት ይቀበልልን።

ትናንት ኃላፊው ለቅሶ ሲደርሱ፣ የወንድማችን ባለቤት «የሞት ማስረጃውን ልወስድ ስመጣ ወንበሯ ትኖራለች?» ብለው ጠየቋቸው።

«ትኖራለች፣ እትዬ» አሉ ኃላፊው። «መስኮቱ ላይ እኔው ራሴ እገኛለሁ። ሳይቀመጡ ምንም አልሰጥዎትም።»