የተሰረዙትስ?

ውድ ጋሼ፣

ደብዳቤ መጻፍ እንደማልችልበት እርስዎ ያውቃሉ። ዛሬ ግን ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ርዕሰ መምህሩ ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ በሩ ላይ ቆመው፣ «የጋሼን ስም ከሠራተኞችና ከጡረተኞች ዝርዝር ሰርዢው፣ ሰኞ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንልከዋለን» ብለውኝ ሄዱ። እሺ አልኩ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ስምዎ ላይ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከተቀበሩ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀንዎ ነው።

ሰርዢው! ከቃል ሁሉ ይቺን ቃል!

ቀብርዎ ላይ ነበርኩ፣ ከኋላ፣ ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር። ከፊት ለመቆም ምን ፊት አለኝ? ልጅዎ ግን ፈልጋ አገኘችኝና «አባቴ ስላንቺ ያወራ ነበር» አለችኝ። ምን ብለው እንደሚያወሩ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

የቴክኖሎጂ ኃላፊ የሆንኩበት ቀን ትዝ ይልዎታል? እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ የማውቀው ወንዝና ተራራ ነው። «እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ የቴክኖሎጂ ኃላፊ ይመድብ» የሚል ደብዳቤና አሥራ ሁለት ኮምፒውተር በአንድ መኪና መጡ። ስብሰባው ላይ ሁላችንም ጫማ ጫማችንን ስናይ ርዕሰ መምህሩ፣ «ባለፈው ስልኬ አልሠራ ሲል ያዳነችው እሷ ናት» አሉ። በቃ፣ ተሾምኩ። ያደረግኩት አጥፍቶ ማብራት ብቻ ነበር። የሂሳብ መምህሩ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ክብርት ሚኒስትር» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። እርስዎ አልሳቁም። በማግስቱ የመዝገብ ቤትዎን ግማሽ አጽድተው፣ ደህናውን ወንበር ለእኔ ለቀው፣ ራስዎ እግሩ በሚወዛወዘው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

ከአሥራ ሁለቱ የሠሩት ሰባት ናቸው። እነሱንም ያስነሳኋቸው ከተማ ስልክ የሚጠግነውን የአክስቴን ልጅ በስልክ እየነዘነዝኩ ነው። ግን «ኃላፊ» የሚሉት ነገር ክፉ ነው ጋሼ። ልቤ አበጠ። በወር ውስጥ የክፍሉን ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሰው «እባክሽ» እስኪለኝ የማልከፍት ሰው ሆንኩ።

ከዚያ የእርስዎን መዝገቦች ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ጀመርን። የሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪ፣ ስም ከነውጤቱ። ሙሉ ዓመት ፈጀብን። እርስዎ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ትይዩ ተቀምጠው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዳንዴ ስሙንና ውጤቱን ሁሉ አስጽፈው ሲያበቁ «ሰርዢ» ይሉኛል። እኔም አንዷን ቁልፍ ስጫን ልጁ ከነውጤቱ ድራሹ ይጠፋል። በሆዴ እነጫነጭ ነበር። አስጽፈው የሚያሰርዙኝ ምነው አስቀድመው ቢናገሩ፣ ጃጁ እንዴ ሰውየው፣ እል ነበር። በአፌ ግን አላልኩም፤ ታላቅ ነዎትና አፈርኩ። ምነው ያን ቀን ባለጌ በሆንኩ!

አንገቴን ሰገግ አድርጌ መዝገቡን አንድ ቀን ባየው፣ ወይ ስክሪኑን ወደ እርስዎ ባዞረው፣ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ተማሪዎቹ ጋሼ ሰረዝ የሚሉዎት ከቁጣዎ የተነሳ ይመስለኝ ነበር። ለካ ልጅ ትምህርት ሲያቋርጥ በማስመሪያ ቀጭን ቀይ መስመር ስሙ ላይ ስለሚያሰምሩ ነው። ስሙ ከመስመሩ ሥር ይነበባል። የእርስዎ መሰረዝ ይሄ ነበር። የእኔ ደግሞ ያቺ ቁልፍ ናት።

መዝገቦቹን ምስጥ ጀምሯቸው ነበር። «ይቃጠሉ፣ ቦታ ያዙብን» ብዬ ርዕሰ መምህሩን የወተወትኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ወደ እሳቸው አልሄዱም፣ ወደ እኔ መጡ።

«አንድ ዓመት ይቆዩልኝ፣ ልጄ።»

«ምን ያደርጋሉ ጋሼ? ሁሉም እዚህ ገብቷል።»

«የተሰረዙትስ?»

«እነሱንማ ጨርሻቸዋለሁ፣ ሐሳብ አይግባዎ።»

«ተባረኪ» አሉኝ። መርቀውኝ፣ መዝገቦቹን በእጅዎ ተሸክመው ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ወዳለው የማቃጠያ ጉድጓድ ወሰዷቸው።

ያቺ ተማሪያችን የመጣችው በዓመቱ ነው። እናቷ አልጋ ስትይዝ ሰባተኛን ጨርሳ ያቋረጠችው። አምስት ዓመት እናቷን ስታስታምም ቆይታ፣ ቀብራ፣ ስምንተኛ ልትቀጥል መጣች። ገና ግቢውን ስታቋርጥ በመስኮት አይተው «መጣች!» ብለው ተነሱ። ፊትዎ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። «ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት፣ ሂሳብ ሰማንያ አንድ፣ ፈልጊያት» አሉኝ። ፈለግኩ። የለችም። ደግሜ ፈለግኩ።

«የተሰረዙት ያሉበትን ክፈቺዋ» አሉኝ።

«የተሰረዘማ የለም፣ ጋሼ።»

ልጅቷ በር ላይ ቆማ አንዴ እኔን አንዴ እርስዎን ታያለች። ሁለታችንም የገባን በአንድ ጊዜ ነው መሰለኝ። እርስዎ ቁጭ አሉ። አልተቆጡም፣ ስድብም አልወጣዎትም። ስንት ልጅ እንዳጠፋሁ ዛሬም ቁጥሩን አላውቀውም።

ስብሰባው ላይ ርዕሰ መምህሩ «ማነው ያጠፋው?» ሲሉ አፌ ቀደመኝ። «እሳቸው ሰርዢ ብለውኝ ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፣ ውሸት ቢሆን ኖሮ ሰው ይነቃብኝ ነበር። እርስዎ ተነሱ፣ የኮትዎን ቁልፍ ቆለፉ፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኳት» ብለው ተቀመጡ። አንዲት ቃል መጨመር ይችሉ ነበር። ሁላችንም የምንሰማዎ፣ ከማናችንም በፊት እዚያ የነበሩ ሰው ነዎት። ዝም አሉልኝ።

ቃለ ጉባኤው «በመዝገብ ሠራተኛው ስህተት» ይላል። እርስዎ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ወደ መጥረጊያና ጠመኔ ተዛወሩ። እኔ ምስጉን የቴክኖሎጂ ኃላፊ ተብዬ የምስክር ወረቀት ተሸለምኩ። አንድ ጊዜ ጠመኔ ልወስድ ስመጣ «ልጄ፣ ያ ማሽን እንዴት ነው?» አሉኝ። ይቅርታው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «ደህና ነው» ብዬ ሁለት ፓኮ ጠመኔ ተቀብዬ ወጣሁ። ጡረታ ሲወጡ ሽኝት እንኳ አላደረግንልዎትም። ቤትዎ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው፣ አንድ ቀን ደጅዎን አልረገጥኩም።

ልጅቷ ሰባተኛን እንደገና ተማሪ ተባለች። ከሕፃናት ጋር ሦስት ሳምንት ተቀመጠችና ቀረች። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። ሳያት መንገድ እቀይራለሁ።

ቀብሩ ላይ ልጅዎ አንድ ደብተር ሰጠችኝ። «ለባለ ኮምፒውተሯ ስጪልኝ ብሎኛል» አለች። በእጅዎ ጽሑፍ፣ ያቋረጡት ልጆች ስም፣ ያስታወሱት ሁሉ ከነውጤቱ፣ በእያንዳንዱ ላይ ቀይዋ መስመር። ስልሳ አንድ ናቸው። መጨረሻ ገጽ ላይ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ማስመሪያውን መያዝ አቅቶዎት ነበር መሰለኝ። ስለ እኔ አንዲት ክፉ ቃል ፈልጌ ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩት። የለም። ብትኖር ይሻለኝ ነበር፣ ጋሼ። የቀሩት ልጆች እርስዎ ጋር ሄደዋል፤ ከእንግዲህ የሚያስታውሳቸው የለም።

ዛሬ ስምዎ ላይ እንደፈዘዝኩ ከላይ የተደረደሩትን ምልክቶች አንድ በአንድ ስነካካ ምን አገኘሁ መሰለዎት? ፊደል ላይ መስመር የምታሰምር ምልክት። ቀለሟም ይቀየራል። መጀመሪያም እዚያው ነበረች። ኃላፊዋ እኔ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ አላውቃትም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ሰኞ ስብሰባ አለ። ቃለ ጉባኤው እንዲስተካከል ጽፌ ፈርሜያለሁ፤ የምስክር ወረቀቱንም አብሬ አያይዤዋለሁ። ቁልፉን ቢቀበሉኝም ግድ የለም። ነገ ደብተርዎን ይዤ ወደ ልብስ ሰፊዋ እሄዳለሁ። ርዕሰ መምህሩ ደብተሩን ለማስረጃ ይቀበሉት አይቀበሉት እንጃ፤ እሷም ታናግረኝ እንደሆነ አላውቅም። ቢያንስ ሰማንያ አንዷን ታያታለች።

ርዕሰ መምህሩ እንዳዘዙኝ ስምዎን ሰርዣለሁ፣ ጋሼ። በቀይ ነው። ይነበባል።

ስክሪኑን ያላዞረችልዎት ልጅዎ