መነሻውን ድምፅ የሰጠሁት እኔ ነኝ

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ትከሻሽን የሚነድፍሽ ነገር ለቀቀሽ? የእማዬስ ዓይን ተሻለው? ልጆችሽ መቼም ቤቱን እያመሱት ነው። እኔ ከናፍቆታችሁና ከአንድ ሰው ንዴት በቀር ደህና ነኝ። ንዴቱም ባለፈው እሑድ ወጣልኝ።

ከልብስ ማጠቢያው ሥራ ስወጣ የምዘፍንበትን የጃዝና የፖፕ ኳየር ነግሬሽ የለ? መሪያችንን፣ እጁን ሲያወናጭፍ አይተን፣ ከጀርባው ማራገቢያው እንለዋለን። እማዬ ታናሻችንን ስታስተኛ ከራሷ ያወጣቻትን እሹሩሩ ለኳየሩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እሱ ጃዝ አደረጋት፤ አልከፋኝም። የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በገና በዓል ኮንሰርታችን ላይ ዜማዋ የእናቴ መሆኗን እንዲናገር። እሺ፣ ምን ገዶኝ አለኝ።

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። ማራገቢያው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ይህች ዜማ በሕልሜ የመጣችልኝ ናት ብሎ እርፍ! ሰውም አጨበጨበለት። ደሜ ፈላ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ቂም ይዞ መዝፈን ግን ይቻላል፣ አየሁት።

ይህች ዘፈን ያለ ፒያኖ ነው የምትዘፈነው። ስለዚህ አንድ ሰው መነሻውን ድምፅ በለሆሳስ ይሰጣል፣ ሌላው ከዚያ ይነሳል። ያ ሥራ የእኔ ነው። ሰቅዬ ሰጠኋቸው፣ እህቴ፤ ጣሪያ አስነካሁት። ብቻዋን የምትዘፍነው የማራገቢያው የወንድም ልጅ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምጿ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ብሎ ቀረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳትይኝ፤ ልጅቷስ አሳዝናኛለች። እሱ ግን ላብ አጥምቆት በባዶ አየር ላይ ሲያራግብ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ እማዬ በምትጀምርበት ዝቅ ባለ ድምፅ እኔ ጀመርኩ። ኳየሩ ዜማዋን የለመደው ከእኔ አፍ ነውና እሱን ትቶ እኔን ተከተለ። ሲያልቅ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ማን ደረሳት ብለው ለጠየቁኝ ሁሉ፣ እናቴ ናት፣ በሕልሟም ሳይሆን እንቅልፍ አጥታ ነው አልኳቸው፤ እሱ እየሰማ። ከዚያ ወዲህ አኩርፎኛል። ያኩርፍ!

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን በየተራ ጉንጫቸውን። ታናሻችንን ደግሞ፣ በአንተ ልቅሶ የተገኘች ዜማ ናት፣ ድርሻህን አላስነጠቅሁም ብላሃለች በይው።

ታናሽ እህትሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን