እማዬ በስምህ የሰጠችው የገና ጋቢ

ለውድ ወንድም ጋሼ ዓምሃ፣

ከነቤተሰብህ እንደምን ከርመሃል? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? ደብሪቱስ ወገቧን ተሻላት? ኪብሮን አዲሱን ትምህርት ቤት ወደደው? እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ብቻ አጥንታችን ድረስ ዘልቋል። ደህና ነን ያልኩህም ለወጉ ነው እንጂ እኔስ ተቃጥያለሁ፤ ያቃጠልከኝም አንተ ነህ።

ከበዓሉ በፊት ደውለህ እማዬን «እንደ አባባ ጊዜ ይሁን፤ ያገለገለን ሰው በገና ባዶ እጁን እንዳይሄድ» ያልካት ትዝ ይልሃል? አባባ በእጁ የሠራውን ያለብስ ነበር። አሁን ማን ይሥራ? እሱ አረፈ፤ አንተ ሽመናውን ትተህ ሹፌር ሆንክ። እማዬ ግን ቃልህን ይዛ ሰው ስትጨምር ከረመች፦ የሰፈሩ ጥበቃ ዋቅጋሪ፣ ቆሻሻ የምታነሳልን ዓለሜ፣ ይባስ ብሎም በዓመት ስንቴ እንደሚመጣ የማናውቀው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ። እሱን በድፎ ዳቦ ሸኘነው።

አባባ ከሠራው በቤት የቀረችውን አንዲት ነጠላ ለዓለሜ ብዬ አስቀመጥኳት። አባባ ታሞ ሲተኛ ልብሱን ሳትጸየፍ ያጠበችለት እሷ አይደለችም? በዋዜማው ሁለት ጎረምሶች መጥተው «ቆሻሻ የምናነሳው እኛ ነን፣ እንኳን አደረሳችሁ» ሲሏት እማዬ ነጠላዋን አውጥታ ሰጠቻቸው! እኔ ከጓዳ እስክወጣ የሉም።

ለዋቅጋሪ ከኢስሐቅ ሱቅ የፋብሪካ ጋቢ ገዛሁ። የሸማኔ ልጅ ሽሮ ሜዳ ላይ ጋቢ ስትገዛ አስበው! ሰው እንዳያየኝ በጥቁር ፌስታል ደብቄ ነው የመጣሁት። የፋብሪካውን ምልክት በመቀስ ቆርጬ ሳበቃ፣ እማዬ ምን ብላ ብትሰጠው ጥሩ ነው? «ዓምሃ ሠርቶ የላከልህ ነው።» ዋቅጋሪ ለብሶት ሰፈሩን ዞረ። አሁን ሁሉም «ዓምሃ ወደ ሽመናው ተመለሰ አሉ» እያለ መንገድ ላይ ያስቆመኛል።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ዓለሜ መጣች። ልጇን ከፋሲካ በኋላ ልትድር ነው። እማዬ እጇን ይዛ «የሙሽራዋን ሸማ ዓምሃ ራሱ ይሠራልሻል» ብላ ማለችላት። ዓለሜ አለቀሰች፤ እማዬም አለቀሰች። እኔም ማልቀስ አማረኝ፣ በንዴት።

እንግዲህ ወንድም ጋሼ፣ ይህን ውሸት እኔ አልሸከምልህም። ዓለሜንም በፋብሪካ ሸማ አላታልልም፤ እውነቱን ልነግራትም አፌ አልታዘዝ አለኝ። የአባባ የሽመና ዕቃ እንደተተከለ ነው። በጾሙ ፈቃድ ጠይቀህ ና፣ በቃ።

ደብሪቱን ናፍቀሽኛል በልልኝ፤ ኪብሮንን ጉንጩን ሳምልኝ። ልጄ ሔለን አጎቴን ሰላም በይልኝ ብላለች። እማዬን ምን ልበልልሽ ብላት ከእንዝርቷ ቀና ሳትል «ምንም አትበይልኝ፤ ፈትሉን እየፈተልኩለት ነው፤ ሰላምታዬንም ፈትሉንም መጥቶ ይቀበል» አለችኝ።

እህትህ አይዳ
ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ
ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.